ስልኩ ዝም ያለ ጊዜ
(ለወጣቶች የሚሆን ጥናት)

በዛሬው ጥናታችን አንድ ጥያቄ እናንሣ። የዘመኑ መሣሪያ ምን ሰጠን? ምንስ አስረሳን? ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ከተማችን መቀሌ ሁለቱንም ገጽታ አሳይታናለች።

1. ከአሞሌ እስከ ቴሌብር

አባቶቻችን ከአፋር በረሃ የተቆረጠውን ጨው በግመል ጭነው፣ በበራህሌ በኩል ለቀናት ተጉዘው ወደ መቀሌ ገበያ ያመጡ ነበር። አሞሌው ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብም አገልግሏል። ይከብዳል፣ ዝናብ ያሟሟዋል፤ ግን በእጅ ያለ ሀብት ነበር።

ዛሬ ነጋዴው ዕቃው ሳይጫን ዋጋውን በስልክ ይጠይቃል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡንም በስልኩ ይልካል። የቀናት መንገድ የደቂቃ ሆነ። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የሚናቅ አይደለም።

2. መስመሩ ሲቋረጥ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ። በኋላ በከፊል ቢመለስም ከሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ እንደገና ተዘጉ። ቴሌብር ከተጀመረ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

በባንክ ገንዘብ ያለው ሰው የቁጠባ ደብተሩን ይዞ የሚበላው አጣ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ወደ ገንዘቡ የሚያደርሰው መንገድ ግን ተዘጋ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ የእናቱን ደኅንነት ሳያውቅ ወራት አለፉ። በመንገደኛ እጅ የሚላክ ቁራጭ ወረቀት የድሮ ክብሩን አገኘ። ባለ ሱቁ በዱቤ ሰጠ፤ ጎረቤት ያለችውን ተካፈለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እውነት መሆኑ ታየ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር የስልክና የባንክ አገልግሎት በመቀሌ ይመለስ ጀመር። በዚያ ሰሞን ስልክ ያነሣ ሁሉ ደስታ ብቻ አልሰማም፤ ሲጠብቀው የቆየ መርዶም የሰማ ብዙ ነው።

3. ምን እንማራለን?

መሣሪያው ያፈጥናል፤ መተማመንን ግን አይፈጥርም። ባለ ሱቁ ዱቤ የሰጠው ስልክ ስላለን አይደለም፤ ስለሚያውቀንና ስለሚያምነን ነው። ይህ መተማመን የተገነባው መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ነበር። በችግር ቀን ጎረቤት ፍለጋ መውጣት ይዘገያል።

ስለዚህ በስልክ እንጠቀም፤ ነገር ግን የቤተሰባችንን ቁጥር በወረቀት እንጻፍ፣ ጥቂት ገንዘብ በእጃችን እናኑር፣ የጎረቤታችንንም በር ዛሬ እናንኳኳ።

ለውይይት፦
ሀ) ስልክህ ቢጠፋ የስንት ሰው ቁጥር በቃልህ ታውቃለህ?
ለ) በዚያ ጊዜ ቤተሰባችሁን የረዳው ማን ነበር? ዛሬስ ትጠይቁታላችሁ?