ጠዋት የሚንቀጠቀጠው ፕሪየስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ2010 ሞዴል ፕሪየስ በሁለተኛ እጅ ገዝቼ እሠራበታለሁ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ የራዲያተር ውሃ ይጎድላል፣ ከሥር ግን ምንም አይፈስም። መኪናው ሪኮል እንዳለው ሰምቻለሁ። በነፃ ይሠሩልኛል?

መልስ፦ ሪኮሉስ አለ፤ ለዚህ ሕመም ግን አይደለም። ቶዮታ በ2014 በዓለም ዙሪያ ወደ 1.9 ሚሊዮን ፕሪየሶችን የጠራው በኢንቨርተሩ ሰበብ ነው። ሶፍትዌሩ ትራንዚስተሮቹን ከልክ በላይ ስለሚያግል መኪናው መንገድ ላይ ኃይል ሊያጣ ይችላል።

የእርስዎ ምልክት የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይመስላል። ሌሊቱን ውሃ ወደ ሲሊንደር ሲንጠባጠብ ያድራል፤ ጠዋት ሞተሩ እሱን እስኪያስወጣ ይታገላል። በዚህ ሞተር ላይ ከጭሱ ከፊሉን መልሶ የሚያስገባው ኢጂአር በጥላሸት ይደፈናል፤ ጓርኒሲዮኑን የሚጎዳውም ይኸው ነው የሚሉ መካኒኮች ብዙ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ስለዚህ ጓርኒሲዮን ቀይሮ ኢጂአሩን ሳያጸዳ «ጨርሻለሁ» የሚል ጋራዥ ገንዘብዎን እንዳይበላ።

ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ራዲያተሩን በግፊት ያስፈትሹ፤ ካንዴላ አስነቅለው ሲሊንደሩን በትንሿ ካሜራ ያሳዩ። እስከዚያው ውሃ እየጨመሩ ሥራ መውጣቱን ይተዉት፤ ሞተሩ አንዴ ከጋለ ቴስታታው ይጣመማል፣ ወጪውም ሌላ ነው።

የኢንቨርተሩንም ነገር አይርሱ። የቀድሞው ባለቤት አላሠራው ይሆናል። ባለ 17 ፊደልና አሃዙን የሻንሲ ቁጥር ለቶዮታ አከፋፋይ ሰጥተው ይጠይቁ፤ ሪኮል ባለቤት ቢቀየርም ከመኪናው ጋር ይሄዳል።