«በሽልም ያውጣሽ» ከሚለው ምርቃት ባሻገር



ነፍሰ ጡርን «ማርያም በሽልም ታውጣሽ»፣ የተገላገለችውንም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። ምርቃቱ ራሱ ወሊድ የሞት ስጋት ያለበት መሆኑን ይመሰክራል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ቤተሰብና ጎረቤት ምርቃቱን በሥራ የሚደግፉበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

1. የአካባቢያችን ሁኔታ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ የሚገኙ የአዲስ አበባ አጎራባቾች ናቸው። ከአስፋልቱ ርቃ የምትኖር የገበሬ ሚስት ግን ለከተማይቱ ቅርብ ናት ማለት ለሕክምና ቅርብ ናት ማለት አይደለም። በፋብሪካና በአበባ እርሻ ለመሥራት ከሩቅ አገር የመጣች ወጣትም ምጥ ሲይዛት እናት ወይም እኅት ከጎኗ ላትኖር ትችላለች።

በሀገር አቀፍ ደረጃ መሻሻል መኖሩ አይካድም። በእ.ኤ.አ. 2000 ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ቢሆንም በዚያው በ2019 ጥናት ከግማሽ የሚበልጠው ወሊድ ገና በቤት ውስጥ ነበር።

2. ሦስቱ መዘግየቶች

ሴሬን ታዴዎስና ዲቦራ ሜን የተባሉ ተመራማሪዎች በእ.ኤ.አ. 1994 ባወጡት ጽሑፍ እናቶችን ለሞት የሚዳርጉትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለዋቸዋል።

የመጀመሪያው ለመወሰን መዘግየት ነው፤ ባል ከገበያ እስኪመለስ፣ አማት እስክትፈቅድ፣ ገንዘብ እስኪገኝ ይጠበቃል። ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት ነው፤ በክረምት ጭቃ መኪና በማይገባበት መንደር እናቲቱ በቃሬዛ ትወሰዳለች። ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ መዘግየት ነው፤ ባለሙያ፣ ደም ወይም መድኃኒት ይታጣል።

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ብርቱ የደም መፍሰስ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ምጥ ለቀናት ሲራዘም ደግሞ የፅንሱ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ስለሚጫን ሥጋው ሞቶ ይበሳል፤ ሽንት ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። ብዙዎች እንደ እርግማን ቆጥረው የታመመችውን ያገልሏታል፤ ሆኖም እርግማን ሳይሆን የመዘግየት ውጤት ነው፤ በቀዶ ሕክምናም ይድናል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በእ.ኤ.አ. 1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን ፈውሷል።

3. የአጣጥ ምሳሌ

በሰበታ የሚያልፈው የጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ ያደርሳል፤ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ በጉራጌ የአጣጥ ካቶሊክ ሆስፒታል ይገኛል። በዚያ የመውለጃቸው ቀን የተቃረበ እናቶች አስቀድመው መጥተው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ አለ። ከእ.ኤ.አ. 1987 እስከ 2008 ያለውን መዝገብ የመረመረ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሕይወት በተወለዱ 100,000 ሕፃናት ሲሰላ በማቆያው ከቆዩት እናቶች የሞቱት 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ነበሩ። ከኋለኞቹ ብዙዎቹ ሕመሙ ከጠና በኋላ የደረሱ ናቸውና ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ ቀድሞ መድረስ ያለውን ዋጋ ግን በግልጽ ያሳያል።

4. ምን እናድርግ?

ሀ. ባልና ሚስት ከዘጠነኛው ወር በፊት የት እንደምትወልድ፣ በምን እንደምትሄድና ማን እንደሚያጅባት ይወስኑ፤ ባል ባይኖር እንኳ ማን እንደሚወስን ይታወቅ።
ለ. ዕድሩ ለቃሬዛ ተሸካሚዎችን፣ ለመኪናም ገንዘብ ያዘጋጅ።
ሐ. ዘመድ የሌላትን ነፍሰ ጡር የቁምስናው እናቶች በየሳምንቱ ይጎብኟት።
መ. ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት ወይም ከ12 ሰዓት ያለፈ ምጥ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ።

እመቤታችን ኤልሳቤጥን ለመጎብኘት ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ሄዳለች፤ ሦስት ወር ያህልም አብራት ተቀምጣለች። ምርቃታችን ሙሉ የሚሆነው እኛም እንዲሁ ስንሄድ ነው።

ለውይይት
1. በመንደራችን ይበልጥ የሚያስቸግረው ከሦስቱ መዘግየቶች የትኛው ነው?
2. ዛሬ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ብትኖር ማንን እንጠራለን? በምን እንወስዳታለን?
3. በሰፈራችን ብቻዋን የምትኖር ነፍሰ ጡር ማን ትጎበኛታለች?