መፍትሔን በሚዛን ማስተማር
የካርቦን ልቀትን ስለ መቀነስ በምናስተምርበት ጊዜ ተማሪው «ዛፍ እንትከል» ብሎ ከመለሰ ትምህርቱ የተፈጸመ ይመስለናል። ነገር ግን ልንመዝነው የሚገባን የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ችግኝ ነው፤ እርሱም ካርቦንን በግንዱ የሚያከማቸው በብዙ ዓመታት ነው። እንግዲህ ሌላ መፍትሔ በአጠገቡ እናስቀምጥ፦ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ዋጋውን ማን ይከፍላል? የተረፈው ማገዶስ ተሽጦ በጎረቤት ቤት ቢነድ ልቀቱ ቀነሰ እንላለንን? የኤሌክትሪክ ምጣድም አለ። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ ልቀቱ አነስተኛ ነው፤ መስመሩ ላልደረሰበት ቀበሌ ግን ምኞት ብቻ ነው። መምህሩ ፍርዱን አስቀድሞ አይስጥ። ተማሪዎቹ በየቤታቸው በአንድ ሳምንት የሚነደውን ማገዶ መዝነው ያምጡ፤ ክርክሩም ከዚያ ይጀመር።