ምሥጢረ ተክሊልና የሕዝብ ድምፅ

ከባሕር ማዶ ለዕረፍት የመጣ አንድ ዲያቆን ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርቦ፥ «አባታችን፥ በምኖርበት አገር የጋብቻን ትርጓሜ ሕዝቡ በድምፁ ይወስናል። እኛም ዜግነት ስለ ተቀበልን ድምፅ እንሰጣለን። ታዲያ ድምፁ የተሸነፈ እንደ ሆነ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ምን ይሆናል?» ሲል ጠየቀን። ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎች ካህናትና ምእመናን ጥያቄ እንደ ሆነ ስለምናውቅ፥ መልሱን በዚህ መጽሔት ለአንባቢዎቻችን ሁሉ ልናካፍል ወደድን። ለትምህርታችንም ምሳሌ የምናደርጋት ሮማንያን ነው፤ በዚያ ሕዝቡን ለድምፅ የጠራችው ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ነበረችና።

የሮማንያ ቤተ ክርስቲያን በ451 ዓ.ም. የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ የምትቀበል ስለ ሆነች ከእኛ ጋር የቅዱስ ቁርባን አንድነት የላትም። ይሁን እንጂ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አንድነት፥ በእግዚአብሔርም ጸጋ የሚፈጸም ምሥጢር መሆኑን የምታስተምረው ትምህርት ከእኛ ትምህርት አይርቅም። ሃይማኖቱን ከገለጠው ከአገሩ ሕዝብም ከአሥሩ ከስምንቱ የሚበልጠው የዚህች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ተብሎ የተቈጠረ ነው።

የዚያ አገር ሕገ መንግሥት ቤተሰብ በባለትዳሮች ነፃ ፈቃድ በሚደረግ ጋብቻ ላይ እንደሚመሠረት ይናገራል። ባለትዳሮች የተባሉት ወንድና ሴት መሆናቸውን ግን ለይቶ አልጻፈም። ስለዚህ ነገ በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚደረግ ጋብቻ በተራ ሕግ እንዳይፈቀድ የሠጉ ሰዎች «ባለትዳሮች» የሚለው ቃል «ወንድና ሴት» ተብሎ እንዲለወጥ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። 500 ሺህ ፊርማ ይበቃ ነበር። እነርሱ ግን 3 ሚሊዮን ያህል ሰብስበው በ2016 እ.ኤ.አ. አቀረቡ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ጋብቻ አስቀድሞ የከለከለ መሆኑ ነው። የተፈለገው በቅጥር ላይ ሌላ ቅጥር ለመጨመር ነበር።

ድምፅ የተሰጠበት ቀን በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 6 እና 7 ቀን 2018፥ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 26 እና 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበረ። መስከረም 26 በእኛ ዘንድ ዘመነ ጽጌ የሚገባበት፥ እመቤታችን ከልጅዋና ከአረጋዊው ዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደችውን ስደት ማሰብ የምንጀምርበት ዕለት ነው። እኛ ያን የተሰደደ ቤተሰብ እያሰብን በማኅሌት ስንቆም፥ በሮማንያ ስለ ቤተሰብ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ፓትርያርክ ዳንኤል ሕዝቡ እንዲወጣ አሳሰቡ፤ ካህናቱም ምእመናንን ቀሰቀሱ። ሕጉ ከመራጩ ከመቶ 30 እንዲገኝ ያዝዛል፤ ይህም ቀድሞ ከነበረው ከመቶ 50 የተቀነሰ ነው። የወጣው ግን ከመቶ 21 ብቻ ሆነ። ከወጡት መካከል ከመቶ ከ90 የሚበልጡት ለውጡን ደገፉ፤ ነገር ግን ቍጥሩ ስላልሞላ ውሳኔው ከንቱ ሆነ። የደገፉት ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆኑ፥ አስቀድሞ ከፈረሙት እምብዛም አልበለጡም።

ሕዝቡ ስለ ምን ቀረ? የለውጡ ተቃዋሚዎች ሰዎች ከቤታቸው እንዳይወጡ መክረው ነበር፤ ይህ አንድ ምክንያት ነው። ሁለተኛውም ቀላል አይደለም። በዚያው ዓመት የገዢው ፓርቲ መሪ በሥልጣን አለአግባብ በመጠቀም ተፈርዶበት ነበር፤ በነሐሴ ወር አደባባይ የወጣውን ሕዝብም የጸጥታ ኃይሎች በጢስ በትነውት ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው፥ ጸሎተኛውም ጭምር፥ «የቤተሰብን ስም ለገመናቸው መሸፈኛ አደረጉት» ብሎ ተቈጣ። ቤተ ክርስቲያን ከነርሱ ጋር በአንድ መድረክ የቆመች መስላ ታየች። በእኛ አስተያየት ግን ከሁለቱ የሚከብድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም በመዝገብ የተጠመቀው ብዙ፥ በትምህርት የጸናው ጥቂት መሆኑ ነው።

ድምፅ በተገኘበት ስፍራም ቢሆን ነገሩ አልጸናም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በ2008 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ከመቶ 52 በሚሆን ድምፅ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ጉዳዩ ወደ ዳኞች ሄዶ ውሳኔው በ2013 ከሥራ ውጭ ሆነ። በ2024 ደግሞ የዚያው አገር ሕዝብ ከመቶ ከ60 በሚበልጥ ድምፅ ያንኑ ጽሕፈት ሰረዘው። ዐሥራ ስድስት ዓመት እንኳ ለአንድ ትውልድ አይሞላም!

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ፈሪሳውያን ጌታችንን ስለ ፍቺ ሕግ ጠየቁት። እርሱ ግን ክርክሩን በሕጉ ላይ አላደረገም። ወደ ፍጥረት መጀመሪያ፥ ወደ አዳምና ወደ ሔዋን መለሳቸው፤ የሙሴም ፈቃድ ስለ ልባቸው ድንዳኔ የተሰጠ መሆኑን ገለጠላቸው። እንግዲህ ሕግ የልብ ተከታይ ነው ማለት ነው። ልቡ የደነደነውን ሕዝብ የተጻፈ አንቀጽ አያለዝበውም፤ ልቡ የለዘበውንም የተሰረዘ አንቀጽ አያጠፋውም። ይህን ስንል ምእመን በሚኖርበት አገር የዜግነት ድምፁን አይስጥ ማለታችን አይደለም። ካህን የማስተማር ዕዳውን ለድምፅ ሳጥን አያስተላልፍ ማለታችን ነው።

የራሳችንንስ ቤት ተመልክተናልን? ፍትሐ ነገሥታችን በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ በሰፊው ይደነግጋል፤ መጽሐፈ ተክሊሉም ከነጸሎቱ በእጃችን አለ። ሆኖም ብዙው ምእመን በሰማንያ ተጋብቶ፥ ልጅ ወልዶ፥ ልጁንም ክርስትና አስነሥቶ፥ እርሱ ራሱ ከቁርባን እንደ ራቀ ያረጃል። ተክሊል ለቀሳውስትና ለዲያቆናት ብቻ የተሠራ የሚመስለውም አለ። ስለ ሌላ አገር ጋብቻ በብርቱ የሚሰብክ ካህን ይህን ዝም ብሎ ማለፉ አያስመሰግነውም።

ደግሞም ከንስሐ ልጆቻችን መካከል በዚህ ነገር ልቡ የሚጨነቅ ወጣት፥ ስለ ልጅዋም በስውር የምታለቅስ እናት ይኖራሉ። ካህኑ ከዐውደ ምሕረት ላይ በስድብና በፌዝ ቢናገር፥ ያ ወጣት የልቡን ለማን ይነግራል? ትምህርቱን ሳያጐድሉ ሰውን ሳያዋርዱ መናገር ይቻላል፤ የንስሐ አባትነትም ለዚሁ የተሰጠ ነው። ዐውደ ምሕረት መባሉንም ባንረሳ መልካም ነው።

ለዲያቆኑ ይህን ሁሉ ካስረዳነው በኋላ፥ «ከእናንተ ደብር ባለፈው ዓመት በቁርባን የተጋቡ ስንት ናቸው?» ብለን በተራችን ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና፥ «መዝገቡን አይቼ እጽፍልዎታለሁ» አለን።