የመኪና ማንሻ አመራረጥና አተካከል፤ በተለይ ለሰቆጣና ለአካባቢዋ ነጋዴዎች

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ገንዘብ ከመክፈል አስቀድሞ የሚገዛውን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ከነጋዴ የሚጠበቅ ተግባር ነው። አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የንግድ ሥራ ከመኪና የማይለይ ሆኗል። በጥንት ጊዜ አሞሌ ጨው የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባት የነበረችው ሰቆጣ ዛሬ ማሯንና ፍየሏን ወደ ሌላ ገበያ የምትልከው፣ የሱቅ ሸቀጧንም የምታስመጣው በመኪና ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ በመሆኗ፣ ብዙ ባለ መኪናዎች ቀላሉን ጥገና በየግቢያቸው ማሠራት ይመርጣሉ።

ይሁን እንጂ በየግቢው የተለመደው አሠራር እጅግ አደገኛ ነው። መኪናው በክሪክ ይነሣል፤ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ግንድ ይደገፋል፤ ሠራተኛውም በጀርባው ተንጋሎ ይገባል። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ተሸክሞ ለመቆየት የተሠራ ዕቃ አይደለም። የዘይት መያዣ ጎማው ቢያፈስ ወይም ድንጋዩ ቢንሸራተት፣ ከ1 ቶን በላይ የሆነ ብረት በሰው ደረት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የመኪና ማንሻ፣ በተለምዶ ሊፍት የሚባለው መሣሪያ፣ ለሥራ ምቾት ብቻ ሳይሆን ለሰው ሕይወት ጥበቃ የሚታሰብ ዕቃ ነው። ነገር ግን ያለ አግባብ የተመረጠ ወይም የተተከለ ማንሻ ከክሪኩ የባሰ አደጋ ሊያደርስ ይችላል።

1ኛ፤ ስለ ማንሻ ዓይነቶች

ባለ ሁለት ምሰሶ ማንሻ መኪናውን በአራት ክንዶች ከሻንሲው ሥር ይዞ ያነሣል፤ ጎማዎቹ ነጻ ስለሚሆኑ ለፍሬንና ለጎማ ሥራ ይመቻል። ሆኖም ሸክሙ በሙሉ ምሰሶዎቹን ከወለሉ ጋር በሚያያይዙት ቡሎኖች ላይ ያርፋል። ባለ አራት ምሰሶ ማንሻ መኪናው በጎማው እንደ ቆመ የሚያነሣ ሲሆን፣ ይበልጥ የረጋ ነው፤ ነገር ግን ሰፊ ቦታ ይወስዳል። መቀስ መሰል ማንሻ ደግሞ ዝቅተኛና ጠባብ ቤት ላለው ሰው ይስማማል፤ ብዙውን ጊዜ መኪናውን እስከ 1 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያደርጋል።

አራተኛው መንገድ ጉድጓድ ነው። በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ለከባድ የጭነት መኪናም ያገለግላል። ነገር ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይጠራቀማል። ስለዚህ በውስጡ ሲጋራ ማጨስ፣ ብየዳ መሥራት፣ መስታወት የሌለው አምፑል ማብራት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሥራ በሌለበት ጊዜም በጠንካራ ሳንቃ መከደን አለበት።

2ኛ፤ ስለ ክብደትና ስለ ቁመት

ገዢው በቅድሚያ የመኪናውን ክብደት ይወቅ። አንድ ቶዮታ ኮሮላ ከ1 ቶን ትንሽ ይበልጣል፤ ባለ ሁለት ጋቢና ሂሉክስ ባዶውን ወደ 2 ቶን ይጠጋል፤ ሲጫን ወደ 3 ቶን ይደርሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ናቸው፤ ባትሪውም ከወለላቸው ሥር ስለሆነ የማንሻው ክንድ ፋብሪካው ካመለከተው ነጥብ ውጭ እንዳያርፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለእነዚህ ሁሉ 4 ቶን የሚያነሣ ማንሻ በቂ ነው። ለኢሱዙ የጭነት መኪና ግን ይህ ማንሻ አይሆንም፤ ለእርሱ በድንጋይ የተገነባው ጉድጓድ ይሻላል።

ቁመቱም በሒሳብ ይታወቃል። የመኪናው ቁመት 1.80 ሜትር፣ የሚነሣበት ከፍታ 1.80 ሜትር፣ ለጥንቃቄ 10 ሳንቲ ሜትር ቢታሰብ፣ ከወለል እስከ ጣሪያው ማገር 3.70 ሜትር ያስፈልጋል። ቤቱ ከዚህ ዝቅ ካለ ወይ መቀስ መሰሉን መምረጥ፣ ወይም ለማንሻው ለብቻው ዳስ መሥራት ይገባል።

3ኛ፤ ስለ ወለል

በጭቃ የተነጠፈ ድንጋይ ወይም ስስ የሲሚንቶ ልስን የምሰሶ ቡሎን አይዝም። ወለሉ በአርማታ መሠራት አለበት፤ ውፍረቱንና ጥንካሬውን የፋብሪካው መመሪያ ይወስናል። አሮጌ ወለል ያለው ሰው በመሰርሰሪያ በስቶ ውፍረቱን ይለካ። ከሥሩ ሲረጥብ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከተገኘ ወጥቶ በጠጠር ይተካ።

ለምሳሌ 4 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ 1.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለአንዱ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ቢታሰብ 576 ኪሎ ግራም፣ ይኸውም ባለ 50 ኪሎው 12 ከረጢት ይፈልጋል። ከተሞላ በኋላ እርጥብ ጆንያ እያለበሱ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውኃ ማጠጣት ግድ ነው። ቡሎን የሚታሰረውና መኪና የሚነሣው 28 ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ የቸኮለ ሰው በኋላ የሚጸጸተው በሰው ሕይወት ነው።

4ኛ፤ ስለ ኤሌክትሪክ

በአገራችን የመኖሪያ ቤት መስመር 220 ቮልት ባለ አንድ ፌዝ ሲሆን፣ የሥራ ቤት መስመር 380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው። የቤት ቆጣሪ ያለው ሰው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ቢያስመጣ ዕቃው ሥራ ፈት ይቀመጣል። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተርም በእኛ መስመር ፍጥነቱ በ6 እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል። 2.2 ኪሎ ዋት ሞተር በ220 ቮልት 15 አምፔር ያህል ሲስብ፣ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ ብዙ እጥፍ ይስባል። ስለሆነም የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይዘረጋለት።

ቮልቴጁ ሲወርድ የሞተሩ ጉልበት ከቮልቴጁ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል፤ 220 ቮልት ወደ 176 ቢቀንስ ከመቶው ጉልበት 64 ያህሉ ብቻ ይቀራል። በተጨማሪም ሞተሮች በተለምዶ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ስስ አየሯ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ከአንዱ ማንሣት እስከ ሌላው ጥቂት ማሳረፍ መልካም ነው።

መብራት በመሐል ቢጠፋ መኪናው አየር ላይ እንዳለ ይቀራል። ለዚህም ሸክሙን ከዘይቱ ላይ ወስዶ የሚይዝ የብረት መቆለፊያ፣ እንዲሁም በእጅ ለማውረድ የሚያስችል መሣሪያ ያለው ማንሻ ብቻ ይገዛ። መኪናው በመቆለፊያው ላይ ሳያርፍ ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ።

5ኛ፤ ለአስመጪዎች

የዋጋ ማቅረቢያ ሲጠየቅ የሚያነሣው ክብደት በኪሎ ግራም፣ ቮልቱ፣ ፌዙና ኸርዙ፣ ሙሉ ቁመቱ፣ የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 1493 የምርመራ ምስክር ወረቀት፣ የመትከያ መመሪያና መለዋወጫው በግልጽ ይጻፍ። የዘይት መያዣ ጎማና የሽቦ ገመድ ከዕቃው ጋር አብሮ ይታዘዝ፤ ዕቃው ሰቆጣ ከደረሰ በኋላ መፈለጉ ከፍ ያለ ወጪ ያስከትላልና። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ ከጋራዥ ወለል ጋር የተገነባ ማንሻ በ8425.41፣ ሌላው በዘይት ግፊት የሚሠራው በ8425.42 ይመደባል፤ ይህንንም ከማዘዝ በፊት ከጉምሩክ አስተላላፊ ጋር ማረጋገጥ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፤ መኪናውን መመዘን፣ ጣሪያውን መለካት፣ ወለሉን መርምሮ መሥራት፣ መስመሩን ማስዘርጋት፣ ከዚያ በኋላ ዕቃውን ማዘዝ። ማንሻው ሲተከል በመጀመሪያ ባዶውን ደጋግሞ ማውጣትና ማውረድ፣ ቀጥሎም ቀላሉን መኪና 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሥቶ በእጅ መነቅነቅ፣ ቡሎኖቹንም እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ቡሎኖቹ፣ ገመዱና ዘይቱ በየወሩ ይታዩ።

ይህን ወጪ ለጊዜው የማይችል ነጋዴም ቢሆን፣ ዛሬውኑ ሁለት የብረት መደገፊያና ለጎማ የሚሆን ታኮ ገዝቶ ድንጋዩን ከግቢው ቢያስወግድ፣ የሹፌሩንና የረዳቱን ሕይወት ጠበቀ ማለት ነው።