አሮጌ ኮምፒዩተርና ቪዲዮ ማቀናበር

አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ቪዲዮ ለማቀናበር ይችል እንደሆነ መመርመር የሚገባው ለፕሮግራሙ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው።

ሥራው ከባድ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቪዲዮ የተከታታይ ሥዕሎች ስብስብ ነው። ባለ 1920 በ1080 የሆነ አንድ ሥዕል ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ በየሰከንዱም 25 ያህል ሥዕሎች ይፈራረቃሉ።

መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የማሽኑ አንጎል የሆነውን የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ የራሙን መጠንና በዲስኩ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ይመለከታል። ሥርዓቱ ባለ 64 ቢት መሆኑንም ያረጋግጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የወጡት የአዶቢ ፕሪሚየር ፕሮ እትሞች በባለ 32 ቢት ሥርዓት አይሠሩምና። ቀጥሎም ያገኘውን ከፕሮግራሙ መስፈርት ጋር ያነጻጽራል። ዝቅተኛውን መስፈርት ማሟላት ፕሮግራሙ ይከፈታል ማለት እንጂ ሥራው ይቀላጠፋል ማለት አይደለም።

በመጨረሻም እንደ ሾትከት ያለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ጭኖ አጭር ቪዲዮ በመቁረጥ ማሽኑን ይፈትናል። ምስሉ ቢቆራረጥም ማሽኑ ወዲያው አይጣልም። ፕሮክሲ የሚባለውን አነስተኛ ቅጂ አዘጋጅቶ በእርሱ መሥራት፣ ማሽኑ የሚቀበል ከሆነም ራም መጨመር ይቻላል።

መልመጃ
1. ቪዲዮ ማቀናበር ኮምፒዩተርን የሚያደክመው ለምንድን ነው?
2. «ያነጻጽራል» እና «ይቀላጠፋል» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።