ቅይጥ ትምህርትና የኮሌጅ ተስፋችን

ከፊሉ በክፍል፥ ከፊሉ በበይነ መረብ የሚሰጥ ትምህርት ቅይጥ ትምህርት ይባላል። ኮሌጆች ወደዚህ ሲሻገሩ ምን ሊያስቡ ይገባል?

ካለፈው እንማር። በ1997 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ ለብዙ ክፍሎች ባንድ ጊዜ ቢደርስም፥ በመስኮቱ የሚታየው መምህር ያልገባውን ተማሪ ቆሞ ሊጠብቅ አልቻለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀጠለ፤ መሣሪያ የሌለው ግን ቀረበት።

ነገሩ ለእኛ ለኩሌ ተማሪዎች ትልቅ ነው። በ2006 ዓ.ም. ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች በተከፈተው በዚህ መጠለያ ሆኖ ኮሌጅ ለሚመኝ፥ ቅይጥ ትምህርት መንገድ ያሳጥርለታል፤ መብራትና ኔትወርክ ከሌለ ግን በሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ እኔ የምለው ሦስት ነው። አንደኛ፥ ንባቡና የተቀዳው ትምህርት ያለ ኔትወርክ እንዲከፈት አስቀድሞ በስልክ ይጫን። ሁለተኛ፥ በፀሐይ ኃይል ስልክ የሚሞላበት የንባብ ክፍል ይኑር። ሦስተኛ፥ ከመምህሩ ጋር የምንገናኝበት ሰዓት ለጥያቄ፥ ለክርክርና ለቤተ ሙከራ ይዋል።

እኛም እስከዚያው ድረስ ብቻችንን ማንበብን፥ ያልገባንንም በደብተር ጽፈን መምህሩን መጠየቅን ከአሁኑ እንልመድ።